ሞተር ብስክሌትን በነጂው ክብደት ልክ ስለ ማስተካከል

በቀድሞው ዘመን ሰው በቅሎው ተጭናለት ከደጁ በሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው እርካቡን ነበር። ለአባት የተለካው እርካብ ለልጅ ይረዝምበታል፤ ለልጅ ያጠረው ደግሞ የአባትን ጉልበት ያሳምማል። ስለዚህ ኮርቻው አንድ ቢሆንም እርካቡ እንደ ተቀማጩ ይረዝማል፥ ያጥራልም። አባቶቻችን ይህን ጥንቃቄ ለበቅሎ ሳይነፍጉ፥ እኛ ግን ከበቅሎ ብዙ እጥፍ ለሚፈጥነው ለሞተር ብስክሌት መንፈጋችን የሚያስገርም ነገር ነው።

በብዙ ቤት አንድ ሞተር ብስክሌት ሁለት ሰዎችን ያገለግላል። ጧት አባት ዕቃ ያደርስበታል፤ ከቀትር በኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ልጅ ተረክቦ ይሠራበታል። አባት 105 ኪሎ፥ ልጅም 62 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 43 ኪሎ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ በጥቂት ብቻ የሚያንስ ነው። ይህን የሚያህል ጭነት በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ የሞተሩ ሞላ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ ይኖራል። እንግዲህ በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ሞላ፥ ስለ አለካኩና ስለ አስተካከሉ የምናውቀውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ነገሩን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለው በአቃቂ ቃሊቲ ብንመለከተው በግልጽ ይታያል። የአቃቂ ሜዳ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ የተሠራ መንገድ መሠረቱ በብርቱ ካልጸና እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በዚህም ላይ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚመጡት ታላላቅ የጭነት መኪናዎች ይመላለሱበታል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም ቢሆን አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ሥራውን አልተወም። በየሰፈሩ ውስጥ ያለው መንገድ ደግሞ የጥርብ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ድንጋዩ በተነሣበት ስፍራ ጉድጓድ አለ፤ በመንገዱም ላይ ፍጥነት ለመቀነስ የተሠራ ጉብታ አለ።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ስለ ወሰነ፥ ፈቃድ ያገኘ ሞተር በባለቤቱ ዘንድ እንደ ቤቱ እንጀራ የሚጠበቅ ሆኗል። የቤቱ እንጀራ በሆነው ሞተር ላይ ግን የቤቱ አባት ተቀምጦበታልና፥ ከሞተሩ ይልቅ የሰውዬው ደኅንነት ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ወደ ሞላው ጠባይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1885 በጀርመን አገር ዳይምለርና ማይባኽ የሠሩት የመጀመሪያው በቤንዚን የሚሄድ ባለ ሞተር ብስክሌት አካሉ እንጨት፥ ቸርኬዎቹም በብረት የታሰሩ እንጨቶች ነበሩ። የመንገዱ ድንጋጤ ሁሉ በቀጥታ በነጂው አጥንት ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሞላ ተፈተነ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ቢ.ኤም.ደብሊው የተባለው ፋብሪካ እርስ በርስ የሚገቡና በዘይት የሚረግቡ ሁለት ቱቦዎችን በፊተኛው ጎማ ላይ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች የፊት ሹካቸው የዚያ ዘር ነው።

የሞላ ሕግ አጭር ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንደ ገለጸው፥ ሞላ የሚጨመቀው በተጫነበት ክብደት መጠን ነው። ክብደቱ እጥፍ ቢሆን መጨመቁም እጥፍ ይሆናል። ፋብሪካው ሞላውን ሲመርጥ አንድ መካከለኛ ሰው በሐሳቡ አድርጎ ይመርጣል። የሚቀመጥበት ሰው ከዚያ የከበደ እንደ ሆነ ሞላው ጉዞ ሳይጀመር ገና ወደ ታች ይወርዳል፤ ለጉድጓድና ለጉብታ ሊቀር የሚገባውንም ርዝመት አስቀድሞ ይበላዋል።

ይህ መሆኑን የሚያስታውቁ ምልክቶች አሉ። አንደኛው፥ ሞተሩ ጉብታ ሲያልፍ ከኋላ እንደ መዶሻ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ይኸውም ሞላው አልቆ ብረት ከብረት የተጋጨ ነው። ሁለተኛው፥ የኋላው ስለ ሚወርድ ፊቱ ይቀልላል፤ መሪውም በመታጠፊያ ላይ ሰነፍ ይሆንና ሞተሩ ከታሰበው መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። ባጠገቡ የጭነት መኪና ለሚያልፍበት ሰው ይህ አንድ ክንድ የሚያህል መውጣት የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ሦስተኛው፥ በሌሊት የፊት መብራቱ ወደ ላይ አንጋጥጦ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያውራል፤ ለባለቤቱ ግን መንገዱን አያሳየውም። አራተኛው፥ በሚታጠፍበት ጊዜ የእግር መርገጫው መሬት ይነካል።

ምልክቱን ያየ ሰው ወዲያው ቁልፍ አንሥቶ ከመጠምዘዝ በፊት መለካት ይገባዋል። ለመለካት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይቀመጣል፥ ሁለተኛው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፥ ሦስተኛው ሜትር ይዞ ይለካል። እንግዲህ ለቤተ ሰብ የተመቸ ሥራ ነው ማለት ነው። የሚለካው ከኋላው ቸርኬ ዘንግ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ላይ በኮርቻው ሥር ምልክት እስከ ተደረገበት ስፍራ ድረስ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁሞ ጎማው ከመሬት ሲነሣ ይለካል። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ሰው ሳይቀመጥበት በሁለት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ይለካል። ሦስተኛ፥ ነጂው የራስ ቁሩን ደፍቶ፥ የሥራ ልብሱን ለብሶ፥ ሁለቱን እግሮቹን በመርገጫው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ ይለካል። ሞላው በመፋተግ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ስለ ሚይዝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ታች ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ በመልቀቅ፥ አንድ ጊዜም ወደ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ በማውረድ ለክቶ የሁለቱን መካከለኛ መያዝ መልካም ነው።

ከመጀመሪያው ልክ ሦስተኛው ሲቀነስ ነጂው ተቀምጦ ሞተሩ ምን ያህል እንደ ወረደ ይታወቃል። ለመንገድ ሞተር ይህ መውረድ ጎማው ከሚንቀሳቀስበት ርዝመት ሁሉ ከአራት አንዱ እስከ ሦስት አንዱ ቢሆን ተስማሚ ነው። ከመጀመሪያው ልክ ሁለተኛው ሲቀነስ ደግሞ ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ የወረደው ይታወቃል፤ ይህም ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይገባል። ሞተሩ በራሱ ክብደት ጥቂት መውረዱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ሞላው ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል የሚያስችለው ይህች ጥቂት ርዝመት ናት።

አሁን ያ 105 ኪሎ የሚመዝን አባት ተለካ እንበል። የኋላው ጎማ የሚንቀሳቀስበት ርዝመት 120 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያው ልክ 560፥ ሁለተኛው 548፥ ሦስተኛው 508 ሚሊ ሜትር ሆነ። እንግዲህ ሞተሩ በራሱ 12፥ ከሰው ጋር 52 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። ለ120 ሚሊ ሜትር የሚገባው ግን ከ30 እስከ 40 ነውና በብዙ አልፏል።

የዚህ መድኀኒት በሞላው ራስ ወይም እግር ላይ የሚገኘው ቀለበት ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ቀለበቱ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው፤ ከሞተሩ ጋር በሚመጣው ጥምዝ ቁልፍ ሲዞር ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። በሌሎቹ ደግሞ በጥርስ ላይ የሚዞሩ ሁለት ዳዶዎች ናቸው። ግራና ቀኝ ሁለት ሞላ ያለው ሞተር እንደ ሆነ ሁለቱ በአንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ቢል የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ይጣመማል።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚስትበትን ነገር ማስታወቅ ይገባናል። ቀለበቱን ማዞር ሞላውን አያጠነክረውም። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ የሚፈልገው ክብደትም ያው ነው። ቀለበቱ የሚያደርገው ሞተሩን ከፍ አድርጎ ማስቆም ብቻ ነው። ከላይ በተናገርነው አባት ሞተር ቀለበቱ ተዞሮ የኋላው በ14 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፥ ከሰው ጋር የሚወርደው 38 ይሆናል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሞተሩ በራሱ ይወርድ የነበረው 12 ብቻ ስለ ነበረ አሁን ምንም አይወርድም፤ ባዶውን ሲቆም ሞላው እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል። ይህ የሚነግረን ሞላው ለሰውዬው የለሰለሰ መሆኑን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ቀለበቱን አሁንም አሁንም ከማጥበቅ ይልቅ ለክብደቱ የሚስማማ ጠንካራ ሞላ ማስገባት ይገባዋል። በተቃራኒው ደግሞ የሰውዬው መውረድ ልክ ሆኖ ሞተሩ በራሱ ከመጠን በላይ ቢወርድ፥ ሞላው ከሚገባው በላይ የጠነከረ ነው።

ሞላ ብቻውን አይበቃም፤ ተጨምቆ ሲለቀቅ ደጋግሞ ስለ ሚዘል የሚያረግበው አሞርዛተር ነው። ጠንካራ ሞላ በብርቱ ስለ ሚመለስ ብርቱ መርገብ ይፈልጋል። ለዚህ የሚዞር ብሎን ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ግን የላቸውም። በፊት ሹካ ግን ወፈር ያለ ዘይት በማድረግ መመለሱን ማዘግየት ይቻላል። ለመፈተን፥ ሞተሩን በብርቱ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጸጥ ቢል ደኅና ነው፤ ደጋግሞ ቢዘል አሞርዛተሩ ደክሟል። በላዩ ላይ ዘይት ከታየ ደግሞ ማኅተሙ ተቀዷልና መካኒክ ሊያየው ይገባል።

የኋላው ከተስተካከለ በኋላ ፊቱም በዚሁ አኳኋን ይለካል፤ የአንዱ ከፍታ ሲለወጥ የሌላው ሸክምና የመሪው ዝንባሌ ይለወጣልና። ቀጥሎም ሦስት ነገር መመልከት ያስፈልጋል። የጎማው ነፋስ ፋብሪካው ለከባድ ጭነት ባዘዘው መጠን ይሁን። የካቴናው ልቅነት ነጂው በተቀመጠበት ይታይ፤ የኋላው ሲወርድ ካቴናው ሊወጠር ይችላልና። የፊት መብራቱም ነጂው ተቀምጦበት በግድግዳ ላይ ይታረም። ከሁሉ በላይ ግን ፋብሪካው ሞተሩ ሊሸከም የሚችለውን ጠቅላላ ክብደት ወስኗል፤ ነጂው፥ ተፈናጣጩና ዕቃው ተደምረው ከዚያ ካለፉ ፍሬኑም ጎማውም አካሉም ለዚያ አልተሠሩምና በሞላ የሚድን ነገር አይደለም።

አንዳንዱ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ሞላውን ቆርጦ ያሳጥራል። የተቆረጠ ሞላ መጠንከሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አጭር ስለ ሚሆን የሞተሩ ቁመት ይዛባል፥ ጫፉም በመቀመጫው ላይ ደኅና አያርፍም። ሌላው በሞላው ጥቅል መካከል ጎማ ወይም እንጨት ይሸጉጣል፤ ይህም አንዱን ክፍል ከሥራ አውጥቶ ሌላውን ያደክመዋል። በነፋስ የተሞላ አሞርዛተርንም መክፈት ወይም በእሳት ማሞቅ አደጋ ነው፤ በውስጡ ያለው የታመቀ አየር ሰው ያቆስላል።

አሁን የቤተ ሰብ ነገር ይቀረናል። ከባድ ሰው ክብደቱን ለመናገር ያፍራል፤ ዘመዱም ለመጠየቅ ያፍራል። ሚዛን ግን ማንንም አይሰድብም። መካኒኩ ክብደትዎ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ ዐሥር ኪሎ ቀንሶ የሚመልስ ሰው የሚያታልለው መካኒኩን አይደለም፤ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ራሱን ነው። ልጅም ቢሆን ለአባቱ በተወጠረው ሞላ ላይ ቢቀመጥ ሞተሩ ለእርሱ ደረቅ ይሆንበታል፤ በጥርብ ድንጋይ ላይ ጎማው እየዘለለ መሬቱን ይለቃል፥ በዝናብ ቀንም ፍሬን ሲይዝ ይንሸራተታል። እንግዲህ የሞላው ማነስ አባትን እንደሚጎዳ የሞላው መብዛትም ልጅን ይጎዳል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በቤቱ ያሉት ነጂዎች በአንድ የዕረፍት ቀን በሜትርና በሚዛን ይለኩ። የእያንዳንዳቸው ክብደት፥ የቀለበታቸው ደረጃና የጎማቸው ነፋስ በአንዲት ወረቀት ላይ ይጻፍና ከመክፈቻው ጋር በኮርቻው ሥር ይቀመጥ። አባት ለልጁ ሲያስረክብ፥ ልጅም ለአባቱ ሲመልስ፥ ቀለበቱ በወረቀቱ መሠረት ይዙር፤ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። እናትም በእሑድ ቀን ከኋላ የምትፈናጠጥ እንደ ሆነ የሁለቱ ክብደት ተደምሮ ሦስተኛ መስመር ይጻፍላት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በደጅ ላይ ያጠፋነው ጥቂት ደቂቃ ወደ ቃሊቲ ማዞሪያ የወጣውን ሰው በደኅና ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።