የፈረሱ አጭር እርምጃና የኮምፒዩተሩ ቁጥር

በአሰላና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ፈረስ የሩቅ መንገድ ወዳጅ ነው። በቼዝ ገበታ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በባዶ ገበታ ግንብ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በ2 እርምጃ ሲደርስ፣ ፈረስ 6 እርምጃ ያስፈልገዋል። በመካከል 8 ቤቶችን የሚቆጣጠረው ፈረስ ማዕዘን ላይ ሲቆም 2 ብቻ ይቀሩታል። በጥንታዊው ሰንጠረዣችንም የፈረስ አካሄድ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ከነገሥታቱ ሌላ ፈረሶችና ወታደሮች ብቻ በቀሩበት የጨዋታ ፍጻሜ፣ ከፊቱም ሆነ ከግራ ቀኙ የባላጋራ ወታደር የማያግደው «ያለፈ ወታደር» ብርቱ ኃይል ነው፤ በተለይም በገበታው ዳር የሚጓዝ ከሆነ። ሊያስቆመው የተላከው ፈረስ እዚያው ታስሮ ይቀራልና።

ኮምፒዩተር ይህን በምን ይመዝነዋል? ክሎድ ሻነን በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ፕሮግራሙ መጪዎቹን እርምጃዎች እየመረመረ ለየአቋሙ ቁጥር ይሰጣል። ለብዙ ዘመን የቁጥሩን ደንብ የሚቀምረው ሰው ነበር፦ ያለፈው ወታደር ወደ መጨረሻው መስመር በቀረበ መጠን ነጥቡ ያድጋል፤ ከፊቱ ያለው ቤት ከተያዘ ይቀንሳል፤ የነገሥታቱ ርቀትም ይታሰባል። ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ከምሳሌ የሚማር የነርቭ መረብ ጨመረ፤ በ2023 ደግሞ በሰው የተቀመረውን ግምገማ ጨርሶ ተወው። ቁጥሩ ይበልጥ አስተማማኝ ሆነ፤ ምክንያቱ ግን ከዓይን ተሰወረ።

ነገሥታቱን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች በቀሩበት ጊዜ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የተሟላ መዝገብ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል፦ ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም አቻ። ከዚያ በላይ ግን «ሲደመር 1.5» የሚለው ቁጥር ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የአሰላ ተማሪ በስልኩ የሚይዘው ፕሮግራም የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው። ቁጥሩን ሁሉም እኩል ያገኘዋል፤ ልዩነት የሚፈጥረው ማስተዋሉ ነው። በቤተ ሙከራ የመለኪያውን አሠራር ሳይረዳ ንባቡን ብቻ የሚገለብጥ ተማሪን አናመሰግንም፤ በቼዝም እንዲሁ።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን ፕሮግራሙን ከመክፈታቸው በፊት የፈረሱን እርምጃ ይቁጠሩ፤ የራሳቸውን ግምትና ምክንያት በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ከዚያም ያነጻጽሩ። ግምታቸው ከኮምፒዩተሩ ቁጥር ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።