መኮንኑ መምህር ሲሆን ተማሪው ይጠይቅ

ርዕሰ አንቀጽ

የጦር መኮንን ከሠራዊቱ ሲሰናበት ምን ይሠራል? በአገራችን የተለመደው መልስ እስር፣ ስደት ወይም ዝምታ ነበር። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ አንድ ሌላ በር ተከፍቷል፤ የቀጠና ፀጥታ ጥናትና ትምህርት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደህንነት ጥናት ተቋም በ2007 ሲቋቋም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መሥራች ዳይሬክተሩ የቀድሞ ታጋይ ነበሩ። ከ2012 ጀምሮም ባሕር ዳር ላይ የጣና ፎረም ስለ አፍሪካ ፀጥታ ሲመክር ቆይቷል።

እኛ በሩ መከፈቱን አንጠላም። የምንጠይቀው ግን አለ፤ ትናንት ያዘዘ ሰው ዛሬ ሲያስተምር፣ ትምህርቱን ከየት ይጀምራል?

ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። ሜጀር ጄኔራል አበበ ተክለሃይማኖት (ጆቤ) ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአየር ኃይል አዛዥ ነበሩ። ሕወሓት በ2001 ሲሰነጠቅ ከሥልጣን ተባረሩ። ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በ2007 ለማስተርስ ዲግሪ ያቀረቡት ጥናት ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ሕግ ስላላት የባሕር በር መብት ነበር። መንግሥት ይህንኑ ጉዳይ በአደባባይ ያነሳው በ2023 ነው።

ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ በደርግ ዘመን ኤርትራን ያስተዳደሩ፣ በታላቁ ረሃብ ጊዜ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንን የመሩ መኮንን ናቸው። በ1985 ተሰደዱ። በኋላም ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ የአፍሪካን ስትራቴጂና ፀጥታ የሚያጠና ተቋም መርተዋል።

እንግዲህ ከሁለት ተቃራኒ ሰፈር የመጡ ሁለት መኮንኖች በሁለተኛው ሕይወታቸው ወደ ጥናት ገቡ። ሁለቱም የሚያውቁት ኤርትራን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በጦርነት፣ ሌላው በአስተዳደር ያውቋታል። ይህ እውቀት ለትምህርት ቤት ሀብት ነው። ነገር ግን ሀብት የሚሆነው የራስን ውሳኔ ለምርመራ ያቀረበ እንደሆነ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሮማ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «ቺንኰቼንቶ»፣ ማለትም አምስት መቶ ይባላል። ስሙ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣልያን ጦር መታሰቢያ ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ይገኛል። በነሐሴ 2017 በአቅራቢያው ካለ ሕንጻ የተባረሩ፣ ብዙዎቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች እዚህ አደባባይ ላይ አድረው፣ ፖሊስ በውሃ መድፍ በትኗቸዋል። ሕንጻው ውስጥ ወደ 800 ሰዎች ይኖሩ ነበር።

ጣልያን የሞቱባትን ቆጥራ በአደባባይ ስም አስቀመጠች። ኤርትራ በ2001 ከወታደሮቿ 19 ሺህ እንደ ወደቁ አስታወቀች። በእኛ በኩል በባድማና በጾረና የወደቁት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህን ከአዛዦቹ በቀር ማን ያስተምረናል? ጦርነቱ ለምን እዚያ ላይ ቆመ? በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ውል፣ በ2002 ባድማን ለኤርትራ ለወሰነው ኮሚሽን መንገድ ሲከፍት ማን ምን መከረ? የቀጠና ፀጥታ ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ካልሆነ የቀረው ንድፈ ሐሳብ ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የ2018ቱ የአስመራ ስምምነት ድንበሩ በመሬት ላይ ሳይካለል ቀረ። በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድም ይዘቱ ለሕዝብ ሳይገለጥ አገር አናወጠ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር መደራደር ግድ ሆነ። ሰነድ የሚመረምር፣ መኮንንን የሚጠይቅ ትውልድ ቢኖር ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይታለፍ ነበር?

በመንግሥት ጋዜጣ በሠራንባቸው ዓመታት የጦር አዛዥ መግለጫ ይታተማል እንጂ አይጠየቅም ነበር። የትምህርት ክፍል ከዚህ ካልተለየ፣ ማዕረጉ ተለወጠ እንጂ ትእዛዙ ቀጠለ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ኮከብ ማስረጃን አይተካም።

በስደት ያላችሁ ወገኖች፣ የቀድሞ መኮንኖች በየከተማችሁ አዳራሽ ተጋብዘው ይመጣሉ። ከፊሉ ያጨበጭባል፣ ከፊሉ ይሳደባል። ሁለቱም ሰውየውን ከመልስ ነፃ ያወጡታል። ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ትእዛዙን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። የተመለሰላችሁንም ጻፉት።