ስካይፕ ሄደ፣ ድምፁ ቀረ

ማይክሮሶፍት ስካይፕን የዘጋው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 ነው። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድን በምስል ያሳየን እሱ ነበር፤ ሲዘጋ ግን ወደ ሌላው የማይክሮሶፍት አፕ፣ «ወደ ቲምስ ሂዱ» ተባልን።

ተራው ስልክ ግን በአንድ ኩባንያ አይታጠርም። ከደሴ የደወለ ሰው ሪያድ ያለችው እህቱ የየትኛው ቴሌ ደንበኛ እንደሆነች አይጠየቅም። በኢንተርኔት ሲሆን ኢሞ ያለው ኢሞ ላለው፣ ቫይበር ያለው ቫይበር ላለው ብቻ ይደውላል። ስልካችን በአፕ የተጨናነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴክኒኩ ስላልተፈታ የሚመስለው ብዙ ነው። ስካይፕ ሳይወለድ ተፈትቷል! ጥሪ እንዴት እንደሚጀመር፣ እንደሚነሳና እንደሚዘጋ የሚወስነው ሲፕ የተባለ የጋራ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። በዚያው ዓመት አላባማ ውስጥ ማርክ ስፔንሰር የተባለ ወጣት፣ ለትንሿ ድርጅቱ የቢሮ ስልክ ማከፋፈያ መግዣ ቢያጣ ራሱ ኮዱን ጻፈ፤ ማንም እንዲጠቀምበትም ለቀቀው። አስተሪስክ ይባላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የአንድን መሥሪያ ቤት የውስጥ መስመሮች ያስተናግዳል፣ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለውንም ያሰማል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ኦፐስ ነው። ድምፅን ጨምቆ የሚልክ ዘዴ ሲሆን፣ ግማሽ አካሉ የስካይፕ መሐንዲሶች የሠሩት ሲልክ፣ ግማሹ ደግሞ የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች የሠሩት ሴልት ነው። ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ2012 ክፍት ደንብ ሆኑ። የተለመደው የስልክ መስመር ለድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲፈልግ ኦፐስ እስከ 6 ይወርዳል። እዚያ ላይ ድምፁ ይሳሳል እንጂ ወሬው ይሰማል፤ የኛን ኔትወርክ ለሚያውቅ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በብራውዘር የሚደረጉ ጥሪዎች በአብዛኛው በእሱ ነው የሚሄዱት። ስካይፕ በተፎካካሪዎቹ አፍ እየተናገረ ነው ማለት ይቻላል።

ኩባንያዎቹ ነጻውን ኮድ ወስደው ይሠሩበታል፤ ደጁን ግን ይቆልፋሉ። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኩባንያውን የምስል ጥሪ አፕ ፌስታይምን ክፍት ደንብ እናደርገዋለን ብሎ መድረክ ላይ ተናግሮ ነበር። እስካሁን የለም። በበጎ ፈቃድ የሚከፈት አይመስለኝም፤ የአውሮፓ ኅብረት ዋትስአፕን ለሌሎች አፖች እንዲከፈት በሕግ ማስገደዱ ትክክል ነው።

ነጻ ሲባል ልፋት የለውም ማለት ግን አይደለም። አስተሪስክን ጭኖ በደካማ የይለፍ ቃል የተወ ቢሮ፣ ሌቦች ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ማዶ ሲደውሉበት አድረው ሒሳቡ ጠዋት ይጠብቀዋል። የሚከታተለው ባለሙያ ደመወዝ ያስፈልገዋል።

እንዲያም ሆኖ ለቢሮው ስልክ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩን «የሌላ ኩባንያ የሲፕ ቀፎ ብሰካበት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቀው። ሻጩ ካቅማማ ሌላ ሱቅ ይሞክር።