«አረፍ ይበሉ» ሲበዛ

ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ጠዋት ቆሞ ገበያተኛውን ላየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። ከገጠር አትክልትና ማገዶ ይዘው የመጡ እናቶች፣ ዕድሜያቸው የገፋው ሳይቀሩ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብድግ ሲሉ ይውላሉ። የከተማዋ እናት ግን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝተው ከበሩ ሳይርቁ ልጃቸው ዘንቢሉን ይቀበላቸዋል፤ ባጃጅ ይጠራላቸዋል። «እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ!» ለዚህም ይመረቃል።

እኔ በዚህ ምርቃት ላይ ቅሬታ አለኝ። የገጠሯን እናት ኑሮ እያሞገስኩ አይደለም፤ የማገዶ ሸክም ወገብ ይሰብራል። አዛውንትን ከወንበር ማዋል ግን ክብር ይምሰል እንጂ እግር ያሳጣል።

ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይሟሽሻል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ወርውሮ ከመውደቅ የሚድነው በእነሱ ነው። ከምግብ በኋላ የደም ስኳርን በብዛት የሚወስደውም ጡንቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲሳሳ የስኳር በሽታ መንገድ ያገኛል። ይህ የእርጅና ድርሻ ነው። በዕድሜ የምናሳብበው ሌላው ብዙ ጉዳት ግን የመቀመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ዳላስ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ ቆዩ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ሲመረመሩ አስገራሚ ነገር ተገኘ፤ በጉልበት ሥራ አቅማቸው ላይ ሦስቱ ሳምንት ያደረሰው ጉዳት 30 ዓመት ማርጀት ካደረሰው ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የቦስተን ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እያነሱ ተለማመዱ፤ ጥንካሬያቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት!

ጀጎል፣ አሮጌው የሐረር ከተማ፣ እግርን በማሠራት የታደለ ነው። መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶችና ወጣ ገባው ድንጋይ እግርን ሥራ አያስፈቱም። በባህላዊው የሐረሪ ቤት የሚቀመጡት ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ወጥተው፣ ምንጣፍ ላይ ዝቅ ብለው ነው፤ ለመነሳት ጭን መሥራት አለበት። አፎቻው፣ የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር፣ ለሠርግም ለሐዘንም ሰውን ከቤት ያወጣል። ሶፋ በገባበት ቤት፣ ባጃጅ እደጅ በሚቆምበት ሰፈር ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይቀራል።

ገበታውም አለ። ብዙ አዛውንቶች ጠዋት ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በዳቦ፣ ማታ ሻይ በዳቦ ቀምሰው ይውላሉ፤ ሥጋውን ለልጅ ይተዋሉ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይጠገንም፤ ያረጀ ሰው ደግሞ ከወጣቱ ያነሰ ሳይሆን በኪሎው ሲሰላ የበለጠ ያስፈልገዋል። በጾም ምስር፣ ሽሮና ፉል፤ በፍስክ እንቁላል ቢጨመር ይደርሳል።

የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም በቅርቡ መውደቅ ያጋጠማቸው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። የሌሎቻችሁ እናቶች ግን ቡናውን ራሳቸው ይቁሉት፤ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትን በቀን አሥር ጊዜ ይለማመዱ፤ ደረጃ ሲወጡ ከጎናቸው ሁኑ እንጂ አትሸከሟቸው። ሐኪም ሳያዝ «ጉልበት ይሰጣል» ተብሎ ለሚሸጥ ብልቃጥ የምታወጡትንም ብር እንቁላል ግዙበት።