በቃል የቆመ ሱቅ



ጎንደር ውስጥ ስንት ልጅ ነው «የአጎቴ ሱቅ ነው» እያለ የሚሠራው? ከአዲስ ዓለም እስከ ዳባትና ደባርቅ፣ አብዛኞቻችን ንግድን የተማርነው ዘመድ ባንኮኒ ጀርባ ቆመን ነው። ደመወዝ በግልጽ አይነገርም። «በርታ፣ ኢንሻአላህ ሱቅ እከፍትልሃለሁ» ይባላል። ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ያገለግላል። ሊያገባ ሲል ሒሳብ ይነሳል፤ አጎት «አበላሁህ፣ አለበስኩህ» ይላል፣ ልጁ «ሱቁን ያቆምኩት እኔ ነኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ሽምግልና ደጋግመን ተቀምጠናል። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዳቸውም ውሸታም አይደሉም። የተጻፈ ነገር ስለሌለ ብቻ እየማሉ ይለያያሉ።

ባለፉት ዓመታት አሠሪንና ነጋዴን የሚመለከቱ ሕጎች አንድ በአንድ ተለውጠዋል። እኛ ግን ወሬውን የምንሰማው ግብር ሲጨመር ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንውሰድ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። ስንቶቻችን ሱቅ ነው ልጁ ከፈጅር በኋላ ከፍቶ ከዒሻ በኋላ የሚዘጋው?

ወጣቶች በተለይ ይህን ልብ በሉት፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይሉኝታ የሚበላን እዚህ ላይ ነው። «ዘመዴ ነው፣ እንዴት እከሰዋለሁ» እያልን ዓመት ይሞላል። ያን ጊዜ የዘመድ ፊት ዞሯል፣ የሕግ በርም ተዘግቷል።

መንገድ ሲዘጋስ? ይህ ለእኛ አገር ነጋዴ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዕቃ አይገባም፣ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ባለሱቁ ልጁን «እስኪረጋጋ ቤትህ ቆይ» ብሎ ይሰደዋል። ደመወዝ የለም፣ ተሰናብተሃልም አልተባለም። አዋጁ ለዚህ መንገድ አለው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም ከአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ከቆመ ውሉ ሊታገድ ይችላል። አሠሪው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ያስታውቃል፤ እግዱም ከ90 ቀን አይበልጥም። ሁለቱንም የሚጠብቅ ነው፤ አሠሪው በሌለ ገቢ ደመወዝ ክፈል አይባልም፣ ሠራተኛውም ሳያውቀው ከሥራ ተባሮ አይቀርም። በደብዳቤ አስታውቆ ያገደ ባለሱቅ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ወጪው እንደሚከብድ አንክድም። በጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለትንሽ ሱቅ 11 በመቶ ቀላል አይደለም። ሕግ አስፈጻሚውም ቢሆን ግብር ለመሰብሰብ የሚተጋውን ያህል መብት ለማስረዳት አይተጋም። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ደስ ይላል፣ ግን ደመወዙ በወረቀት ላይ ለሌለ ልጅ ምን ያደርግለታል?

ከሁሉም ብዙ ሊያወያየን የሚገባው የንግድ ሕጉ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከስድሳ ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲታደስ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም እንዲችል ተፈቀደ። ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር የሚስትና የወንድም ስም ለይስሙላ ይገባ ነበር፤ ኋላ ይህ የይስሙላ ስም ስንት ቤት አፈረሰ! አሁን ግን ብቻውን የሚያቋቁም ሰው ቢሞት ወይም መሥራት ቢያቅተው ሥራውን የሚመራ ተጠሪ አስቀድሞ መሰየም አለበት። ልብ በሉ፣ ተጠሪ ወራሽ አይደለም፤ የሚራስ ጉዳይ የራሱ ሥርዓት አለው። የሱቁን ካዝናና የቤቱን ኪስ የሚቀላቅል ደግሞ ማኅበሩ ሲከስር ዕዳው እቤቱ ድረስ ይመጣበታል። ልጅ ሲያመው ከካዝና፣ ሰርግ ሲመጣ ከካዝና ማውጣት ለለመድን ሰዎች ከባድ ነገር ነው።

ተሰባስበው አክሲዮን ለማቋቋም የምታስቡም አላችሁ። አዲሱ ሕግ አክሲዮን የሌለው ባለሙያ ቦርድ ውስጥ እንዲገባ ፈቅዷል። ስለዚህ «ገንዘብ ያለው ይመራ» የሚለው ሰበብ አይሠራም። የቦርድ አባልነት ክብር ብቻ ሳይሆን በጥፋት በግል የሚያስጠይቅ አማና ነው።

ታላላቆቻችን «በእኛ ጊዜ ቃል ነበር፣ ወረቀት የፈለገ ሰው ወንድሙን አላመነም» ይሉናል። ቃላቸውን እናከብራለን። በ1668 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ የጎንደር ሙስሊም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይኑር ሲባልና የመሬት ርስት ሲከለከል፣ አባቶቻችን ንግድና ሽመናን ይዘው የቆሙት በመተማመን ነው። ነገር ግን በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ ስለመጻፍ መሆኑን ያስተማሩንም እነሱ ናቸው። መጻፍ አለማመን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሰፊ ቦታ ባልተሰጠው ነበር።

ወንድም የቀጠራችሁ፣ ዘመድ ጋ የምትሠሩ፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። የሁለታችሁ ስም፣ ሥራው የተጀመረበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ «ሱቅ እከፍትልሃለሁ» የተባለ ካለም መቼና በስንት ብር እንደሆነ። ሁለት ቅጂ አድርጉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ሁለት ምስክር ይኑርበት፤ አንዱ ቅጂ ልጁ ጋ ይቀመጥ።