“አባዬ፣ ካርዱን ላፍጥነው?” – ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንመልስ?

ባለፈው እሁድ ከሥራ ስመለስ አንድ የቆየ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ “ስማኝማ ወንድሜ፣ ይህ ልጅ ሊያሳብደኝ ነው። 600 ዶላር ያወጣሁበትን የኮምፒዩተር ካርድ ‘ኦቨርክሎክ ላድርገው’ እያለ ይነዘንዘኛል። ቤቱን ሊያቃጥልብኝ ነው እንዴ? እምቢ ብዬዋለሁ፤ ደግ አላደረግሁም?” አለኝ። እኔም “ደግ አላደረግህም” አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት ያስረዳሁትን፣ ያው ጥያቄ በየቤታችሁ ለገጠማችሁ ሁሉ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጻፍኩት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባብያን፣ “ስንት የአገር ጉዳይ እያለ ስለ ጌም?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የጌም ብቻ አለመሆኑን እኔ የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው።

በ2021 ክሪፕቶ የሚያመርቱ ሰዎች በሚያደርጉት ሽሚያ የእነዚህ ካርዶች ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። በመስከረም 2022 ኤቴሪየም አሠራሩን ለውጦ በካርድ ማምረቱ ሲቀር ገበያው ተነፈሰ። እኔም የትርፍ ሰዓት ሠርቼ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ለልጄ አርቲኤክስ 3060 ቲአይ የሚባል ካርድ ገዛሁለት። ወር ሳይሞላው “አባዬ፣ ላፍጥነው?” አለኝ። “እንዳትነካው! ይህን ጌም ትተህ አርፈህ ትምህርትህን ተማር!” ብዬ ዘጋሁት። ውይይቱ በዚህ አለቀ። ለእኔ ማለቴ ነው እንጂ ለእሱስ አላለቀም።

ልጁ እኛ ተኝተን ሌሊት ተነሣ። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን አፍተርበርነር የተባለ ነጻ ፕሮግራም ስም ጽፎ ፈለገ፤ ከላይ የመጣለትን የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተ፤ አወረደ፤ ጫነ። ገጹ ግን አጭበርባሪዎች እውነተኛውን አስመስለው የሠሩት ነበር። በዚያው ኅዳር 2022 የኮምፒዩተር ደህንነት ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ የሐሰት ገጾች በብዛት መሠራጨታቸውንና የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም እንደሚያስገቡ ይፋ አድርገዋል። እኛ ግን ይህን የሰማነው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ያ ኮምፒዩተር እኔም የምጽፍበት ነበር። ኢሜይሌ በሌላ ሰው እጅ ገባ። ለዓመታት የተጻጻፍኳቸው ሰዎች አድራሻ፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ስምና ስልክ፣ በአደራ የተላኩልኝ ደብዳቤዎች፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ለወዳጆቼ በስሜ “ችግር ላይ ወድቄአለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ” የሚል መልእክት ተበተነ። በስደት የሚኖር፣ በአገሩ ጉዳይ የሚጽፍና የሚናገር ሰው የአድራሻ መዝገቡን መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ካርዱ ግን አንዳች አልሆነም። የተቃጠልነው እኛ ነን። ያቃጠለንም ኦቨርክሎክ ሳይሆን፣ ልጁ ከእኔ ተደብቆ እንዲሠራ ያደረገው የእኔው ቁጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተማርኩትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

ግራፊክስ ካርድ ማለት በጌሙ ውስጥ የምናየውን ሥዕል የሚስል፣ ከኮምፒዩተሩ ዋና አንጎል ጎን ለጎን የሚሠራ ሌላ አንጎል ነው። የራሱ የልብ ምት አለው፤ ምቱም በሜጋኸርዝ ይለካል። 1 ሜጋኸርዝ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ምት ነው። የልጄ ካርድ ላይ ፋብሪካው የጻፈው ፍጥነት 1665 ሜጋኸርዝ ነው። ኦቨርክሎክ ማለት እንግዲህ ይህን ምት ከተወሰነለት በላይ ማፍጠን ነው። ኩባንያው ለምን ቦታ ተወለት ቢባል፣ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ቺፖች እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደከም ያለ ነው። ኩባንያውም ደካማው ጭምር የሚችለውን ፍጥነት ለሁሉም ይጽፋል። የጠንካራው ትርፍ ጉልበት ሳይነካ ይቀራል።

ድሮ ይህ ትርፍ ትልቅ ነበር። በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ቺፕ ባወጣ ጊዜ ወጣቶቹ የማዘር ቦርዱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 እያሳደጉ 300 ሜጋኸርዙን 450 አደረጉት። 50 በመቶ ጭማሪ፣ ያለ አንዳች ክፍያ! ያ ዘመን አልፏል። ኤንቪዲያ በ2012 ከጂቲኤክስ 680 ጀምሮ ካርዶቹ ሙቀታቸውንና የሚወስዱትን ኃይል እየለኩ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያፈጥኑ አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ ለእኛ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል ያሳይ የነበረው 63 ወይም 66 ያሳያል ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ቁጥር አስቀድመው ይወቁት። ለዚህች ጥቂት ነገር ካርዱን እስከ ጫፍ መግፋት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ላድርገው ላለ ግን በደህና የሚሠራበት መንገድ አለ።

1ኛ/ ከሁሉ በፊት አቧራውን ማጽዳት፣ አየር የሚገባበትንና የሚወጣበትን መክፈት። የኃይል መሰኪያዎቹም እስከ መጨረሻው መግባታቸውን ማየት። በ2022 መጨረሻ በአንዳንድ አርቲኤክስ 4090 ካርዶች ላይ መሰኪያው ሲቀልጥ ታይቷል፤ በደንብ አለመግባቱም እንደ ምክንያት ተጠቅሷል። ወዳጄ የፈራው እሳት ከተነሳ፣ ፍጥነት ከሚያሳየው ቁጥር ይልቅ ከላላ መሰኪያና ከርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው።

2ኛ/ ፕሮግራሙን ከሠሪው ኩባንያ ገጽ ብቻ ማውረድ። አድራሻውን በእጅ መጻፍ እንጂ ከፍለጋው አናት ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አለመጫን። ይህን የምለው የቀመስኩት ስለሆንኩ ነው።

3ኛ/ ሳይነኩ መለካት። ካርዱ እንዳለ ስንት ሥዕል በሴኮንድ እንደሚያሳይ፣ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ወረቀት ላይ መጻፍ። ለዚህ 3ዲማርክን የመሰሉ መፈተኛዎች አሉ። መነሻውን ያልጻፈ ሰው ማትረፉንም መክሰሩንም አያውቅም።

4ኛ/ ዋናውን ፍጥነት በ15 ወይም በ25 ሜጋኸርዝ ብቻ እየጨመሩ በየደረጃው መፈተን። ሥዕሉ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ከታየ፣ ጌሙ ከተዘጋ ወይም ኮምፒዩተሩ ከደነዘዘ ገደቡ ደርሷል። እዚያ ላይ አለመከራከር፤ 30 ወይም 50 ሜጋኸርዝ ወደ ኋላ መመለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የቸኮለች ደግሞ አፍሳ ለቀመች።

5ኛ/ ሜሞሪውን ለብቻው፣ ዋናው ካለቀ በኋላ መሞከር። ሁለቱን አንድ ላይ የነካ የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። ጂዲዲአር6ኤክስን የመሰሉ ሜሞሪዎች ስህተት ሲፈጠር መረጃውን እንደገና ይልካሉ፤ ስለዚህ ሥዕሉ ሳይበላሽ ፍጥነቱ ይወርዳል። ቁጥሩ ላይ ሜጋኸርዙ ጨምሮ ሥዕሉ ከቀነሰ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

6ኛ/ “ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ ይጀምር” የምትለውን ምልክት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አለማድረግ። ፕሮግራሙ የለወጠው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳል። ይህች አንዲት ምልክት ከብዙ ጭንቀት ታድናለች።

7ኛ/ ሙቀቱን ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለማቆየት መጣር፣ ማራገቢያውም ቀደም ብሎ እንዲፈጥን ማድረግ። ብዙዎቹ ካርዶች 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ማቀዝቀዝ ይጀምራሉ፤ ያኔ የጨመርነው ሁሉ ከንቱ ነው። ቮልቴጅ መጨመር፣ የካርዱን ባዮስ መቀየር ግን ፈጽሞ አይነካ። የዋስትናውን ወረቀትም አስቀድሞ ማንበብ ተገቢ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ልጄ በመጨረሻ ያሳየኝ ነገር ነው። ካርዱን ከማፍጠን ይልቅ ቮልቴጁን መቀነስ! ካርዱ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ከ1.0 ወደ 0.9 ቢወርድ፣ 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ነው፤ ቺፑ ለሥራው የሚወስደው ኃይል ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ካርዱም ሳይሞቅ ስለሚሠራ ፍጥነቱን ሳይጥል ይቆያል። ይህም እንደ ሌላው ደረጃ በደረጃ ይፈተናል፤ ከመጠን በላይ ከወረደ ጌሙ ይዘጋል እንጂ ካርዱ አይጎዳም። እኛም ሁለቱንም ሞክረን የመረጥነው ይህንን ነው። ሲከር ይበጠሳል ይባል የለ? ጥቂት ማላላትም ጥበብ ነው።

አንዳንድ ወላጆች “ለጌም ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? አርፎ አይማርም?” ይሉኛል። እኔም እንደዚያው ስል ነበር። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በ2000ዎቹ ፓልቶክ ክፍል ውስጥ ገብተን፣ ማይክ ለመያዝ ተራ እየጠበቅን፣ ሌሊቱን ስናነጋ የነበርነው እኛ አይደለንም እንዴ? ባለቤቶቻችን “ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተነስ” ሲሉን “ቁም ነገር ላይ ነኝ” አላልንም? ለልጆቻችንም የእነሱ ነገር ቁም ነገር ነው። ደግሞም አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መለካት፣ መመዝገብ፣ ገደብ ሲደርስ ያለ እልህ ወደ ኋላ መመለስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከእኛ ትውልድ መካከል ይህን ያልተማርን ብዙዎች ነን።

እርግጥ ነው፣ ገደብ ያስፈልጋል። የሌሊት እንቅልፍና የትምህርት ሰዓት አይነካም። ለጌም የሚውለው ኮምፒዩተርና የቤተሰቡ ደብዳቤ፣ የባንክ ጉዳይና የአገር ቤት አድራሻ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ይለያዩ። አንድ ብቻ ካለ ለልጁ የራሱ መግቢያ ይሰጠው፤ ፕሮግራም የመጫን ፈቃዱ ግን በወላጅ እጅ ይሁን። ገደቡን ግን ከልጁ ጋር ተነጋግረን እናስቀምጠው። በጩኸት ብቻ የተሰመረ ገደብ ሌሊት ይሰበራል፤ በእኔ ቤት ተሰብሮ አይቼዋለሁ።

ልጄ ዛሬ ኮሌጅ ገብቷል። ካርዱም እስከ አሁን ይሠራል። ስለ ኮምፒዩተር አንድ ነገር ሲቸግረኝ የምደውለው ለእሱ ነው፤ እሱም ሳይደብቀኝ ይነግረኛል። ይህችን ለማግኘት ያን ሁሉ ኪሳራ መክፈል አልነበረብኝም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም “እሺ፣ እኔ እኮ ከዚህ ነገር አንዲትም አላውቅም። አጠገቡ ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ?” አለኝ። “ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝና ቁጥሩን ጻፍለት” አልኩት። ቅዳሜ ሊጀምሩ ተቀጣጥረዋል።

ቸር ያሰማን።