ለዘማች የተገኘ መኪና ለቁስለኛ አይጠፋም



በዚህ ማኒፌስቶ ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ፍትሕ ያለንን አቋም በየምዕራፉ አስቀምጠናል። ይህ ርዕሰ አንቀጽ የሚያነሣው ግን በምርጫ ቅስቀሳ ወቅት ድምፅ የማይሰማለትን አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩም ለአገር ሲዋጉ የቆሰሉ ወገኖቻችን ወደ ሕክምና የሚሄዱበት የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ላልደረሰበት ሰው ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ መድረስ ላልቻለ ሰው ሕክምናው በነጻ ቢሰጥም ባይሰጥም ልዩነት የለውም።

ምሥራቅ ጎጃም ተጠርቶ የቀረበት ዘመቻ የለም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በላይ ዘለቀና ተከታዮቹ በብቸና ምድር እስከ ድል ቀን ድረስ በዱር በገደሉ ተዋግተዋል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ገበሬው ከሞፈሩ ተነሥቷል። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ወጣቱ ወደ ሰሜን ግንባር ተግዟል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የባድመ ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነትም የዚህ አካባቢ ልጆች ወድቀዋል፣ ቆስለዋል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ መንግሥት ተለዋውጧል። ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ዘማቹን ወደ ግንባር የጫነው መኪና ሒሳብ አለመጠየቁ ነው። ሒሳብ የሚጠየቀው ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ ወደ ሆስፒታል ልሂድ ሲል ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ጦርነት በፊርማ ያበቃል። የኤርትራው ጦርነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ፣ የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመ ስምምነት ቆሟል። ቁስል ግን በፊርማ አይድንም። አጥንት ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ከዓመታት በኋላ መግል ይቋጥራል። ሰው ሠራሽ እግርም አንድ ጊዜ ተገጥሞ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ያልቃል፣ ይሰበራል፣ ሰውነት ሲከሳ ይላላል፣ ሲወፍር ያቆስላል። የጭንቅላት ጉዳትና የጦር ሜዳ ሰቀቀን ያስከተለው የአእምሮ ሕመም ደግሞ ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒትና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይፈልጋል። ስለዚህ የቁስለኛው ጉዞ ዕድሜ ልኩን የሚመላለስበት እንጂ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም።

በብቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ። ጉዳዩ ከፍ ያለ ባለሙያ የሚሻ ሲሆን ግን በሽተኛው የሪፈር ወረቀት ተጽፎለት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ከብቸና አዲስ አበባ በደጀንና በዓባይ በረሃ በኩል 265 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራበት የአካል ተሐድሶ ማዕከልም ያለው ባሕር ዳር ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። በክራንች የሚሄድ ሰው ብቻውን አይጓዝም፤ ስለዚህ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ የሁለት ሰው ምግብ፣ የአልጋ ኪራይ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ከሳምንት በኋላ ተመለስ ካለው ይህ ሁሉ በእጥፍ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ደግሞ መናኸሪያ እስኪደርስ ድረስ በቅሎ ወይም ቃሬዛ ያስፈልገዋል። በመጨረሻ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግ ይሸጣል፣ ዕድር ይጠየቃል፣ ዘመድ ያዋጣል። የሚያዋጣለት ያጣው ቀጠሮውን ያሳልፋል።

ሕጉ ምን ይላል? ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የሚከፍለው ለሕክምናው እንጂ ለመሳፈሪያው አይደለም። የጡረታ ሕጉም በየወሩ የሚቆረጥ አበል እንጂ የሕክምና ጉዞ ወጪ የሚባል ነገር አያውቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን የማቋቋምና የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የጤና አገልግሎት በተቻለ መጠን ለሰዎች መኖሪያ ቅርብ እንዲሆን ያስገድዳል። ድንጋጌው አለ፤ የጎደለው ማስፈጸሚያው ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ በሕግ እልባት አግኝቷል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደር በአገልግሎቱ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ለመታከም ሲሄድ በአንድ ማይል 41.5 ሳንቲም ይታሰብለታል፤ የጉዳቱ መጠን 30 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ሕመም ሲሄድም ይከፈለዋል። አሜሪካ ሀብታም አገር ስለሆነች ነው የሚል አይጠፋም። እኛ የምንወስደው ትምህርት የገንዘቡን ብዛት አይደለም። ተመኑ በሕግ የታወቀ መሆኑን፣ ጠያቂውም በልመና ሳይሆን ቅጽ ሞልቶ መጠየቁን ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተለውን የያዘ ረቂቅ ሕግ ያቀርባል።

አንደኛ፣ መብቱ የሚረጋገጠው በጉዳቱ እንጂ በተዋጋበት ሥርዓት አይደለም። በደርግ ዘመን የቆሰለው፣ በባድመ የቆሰለው፣ በሰሜኑ ጦርነት የቆሰለው የመከላከያ አባል፣ ሚሊሻና በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርስ የተወሰነው የክልል ልዩ ኃይል አባል በእኩልነት ይታያሉ።

ሁለተኛ፣ የሪፈር ወረቀት የተጻፈለት ሰው የደርሶ መልስ መሳፈሪያው በታሪፉ ልክ ከመነሣቱ በፊት ይሰጠዋል። ከኪስህ ከፍለህ ደረሰኝ ይዘህ ተመለስ የሚል አሠራር ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ብቻውን መጓዝ አይችልም ላለው የአንድ አስታማሚ መሳፈሪያ፣ እንዲሁም ለሚያድሩባቸው ቀናት የአልጋና የምግብ ወጪ ይታሰባል።

አራተኛ፣ በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ማስረጃው የጠፋበት ሰው በሐኪሞች ቦርድ ምርመራና በምስክሮች ቃለ መሐላ መብቱን ማስከበር ይችላል።

አምስተኛ፣ ማመልከቻ ያቀረበ ሰው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል። ከተከለከለ ምክንያቱ ይነገረዋል፤ ይግባኝ የማለት መብቱም የተጠበቀ ነው። የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም።

ስድስተኛ፣ ከባሕር ዳር ማዕከል የሚመጣ የባለሙያ ቡድን ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ በዓመት ሁለት ጊዜ በሞጣና በብቸና ሆስፒታሎች ይሠራል። የላላ ማሰሪያ እዚሁ ከተጠገነ የሁለት ሰው የባሕር ዳር ጉዞ ይቀራል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉን ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የአገር መከላከያን የሚያቋቁመውና የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በመከላከያ ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ወጪም በድሃ ወረዳ ትከሻ ላይ ሊወድቅ አይገባም። በመሆኑም ለመከላከያ አባላት የፌዴራሉ በጀት፣ ለሚሊሻና ለልዩ ኃይል አባላት የክልሉ በጀት እንዲከፍል፣ ወረዳው ግን አድራሽ ብቻ እንዲሆን እንጠይቃለን። ማጭበርበርን ለመከላከል በየሩብ ዓመቱ ስንት ብር መጥቶ ለስንት ጉዞ እንደወጣ፣ የበሽተኛው ስም ሳይጠቀስ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገድ ሲያዘጋ፣ ገንዘብ ያለውም በሽተኛ ሐኪም ዘንድ ሊደርስ እንደማይችል ሁላችንም አይተናል። አገራችን የተቀበለቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች ቁስለኛና በሽተኛ በማንኛውም ወገን እንዲከበር ያዛሉ። በሽተኛ የጫነ መኪና በማንም ታጣቂ፣ መንግሥትም ይሁን ሌላ፣ እንዳይታገድ ፓርቲያችን ከምርጫው በፊትም በኋላም ይጠይቃል። ለጦርነቱም መፍትሔው ድርድር ነው ብለን እናምናለን፤ ዛሬ የሚቆስለው ወጣት የነገ ተመላላሽ ታካሚ ነውና።

ውድ የከተማ ነዋሪዎች፣ ይህ የገጠሩ ሰው ጉዳይ ነው እንደማትሉ እናውቃለን። ከገጠር የመጣው ቁስለኛ የሚያድረው በእናንተ ቤት ነው፤ መዋጮው የሚወጣውም ከእናንተ መቀነት ነው። መንግሥት ሊከፍለው የሚገባውን ስትከፍሉ ኖራችኋል። መንግሥት የመመሥረት ዕድል ከሰጣችሁን ይህ ወጪ በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ይገባል። በጥቂት ወንበር ብቻ ብንገባም ረቂቁን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና በክልሉ ምክር ቤት እናቀርባለን፤ የሚመለከታቸውን ባለ ሥልጣናት በአደባባይ እንጠይቃለን።

በቅስቀሳው ሰሞን ለድምፃችሁ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ለአገሩ እግሩን የሰጠ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በማን ገንዘብ ነው? መልሱን ሰምታችሁ በነጻነት ፍረዱ። ድምፃችሁ የእናንተ ነው።